ጥግ ጥጉን ተዉት

አንሶላ ነው የቀሰቀሰኝ። ከባድ ነገር አልወደቀብኝም፣ ከምንም ጋር አልተጋጨሁም። ስስ አንሶላ እግሬ ላይ ሸርተት ሲል የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ነካ አደረገውና ባንኜ ተነሳሁ። እግሬን በሁለት እጄ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጣቴ ይጠዘጥዛል፣ ይግላል፣ ልክ እንደ ልብ ትር ትር ይላል። መብራት ሳበራ ከጥፍሬ ጎን ያለው ሥጋ ቀልቶ፣ አብጦ፣ የጥፍሩን ጥግ ውጦታል። ፕላስተሩን ስልጠው ቢጫ ነገር አለበት። ይሸታል። መግል ነው።

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አለች እማዬ ከወዲያ ክፍል።

"ምንም አይደል እማዬ፣ ጥፍሬ ነው።"

የጥፍሬ ጥግ ወደ ሥጋው እየገባ፣ እኔ እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ሥራ ቦታ "ለምንድን ነው የምታነክሺው?" ሲሉኝም መልሴ ይኸው ነው፤ ጥፍር ነው። የጎዳኝ ይህ አባባል ነው። እግሬ ወለም ብሎት ቢሆን በማግስቱ ሐኪም ጋ እሄድ ነበር። ጥፍር ስለሆነ ግን መቁረጫ አንስቼ ራሴው ማከም ጀመርኩ። ይህን ከምታነቡት መካከል አንዳችሁ አሁን ጫማችሁን አውልቃችሁ ጣታችሁን እያያችሁ ይሆናል። መቁረጫ ይዛችሁም ይሆናል። እባካችሁ አስቀምጡትና መጀመሪያ የደረሰብኝን ስሙ።

ነገሩ የጀመረው በጫማ ነው። ፊቱ ሹል፣ ጣትን ከጣት የሚያጣብቅ ጫማ። እሱን አድርጌ ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። ያንን ጫማ ከማድረጌ በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ ጥፍሬን እስከ ሥጋው ድረስ አሳጥሬ፣ ጥግ ጥጉን ክብ አድርጌ ቆርጬው ነበር። እንደዚያ ሲሆን ንጹሕ ይመስለኝ ነበር። የእጄንም የምቆርጠው እንደዚያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከጥፍሩ በውስጠኛው ጎን ሲጫኑት የሚያም ነገር መጣ። ያኔ ብተወው፣ ሰፊ ጫማ ባደርግ፣ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ብዘፈዝፍ ይበቃው ነበር።

እኔ ግን መቁረጫውን አነሳሁ። ጫፉን በጥፍሩና በሥጋው መካከል አስገብቼ ጥጉን በሰያፍ ቆረጥኩት። አመመኝ፣ ትንሽም ደማ፣ ግን የቆረጥኩት ሲወጣልኝ ያ የሚወጋው ስሜት ወዲያው ጠፋ። ዕፎይ አልኩ። ወጥመዱ ያ ዕፎይታ ነው። ሥጋውን የሚወጋው ክፍል ስለተቆረጠ አንድ ሁለት ሳምንት ምንም አያምም። ሰው ደግሞ ሕመሙ ሲጠፋ በሽታውም የጠፋ ይመስለዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስብኝ ሌላ ዘዴ አልፈለግሁም። ያሻለኝ መቁረጡ ነው ብዬ አምኛለሁና ድጋሚ ቆረጥኩት፣ ከበፊቱ ጠለቅ አድርጌ። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ።

በእነዚያ ሦስት ወራት ጣቴ ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጥፍር የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ነው፣ ቆዳው ከሸፈነው ከኋለኛው ክፍል። የምንቆርጠው ክፍል ሕይወት የለውም። ፀጉር የተሠራበት ኬራቲን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ስንቆርጠው የማያመን ለዚህ ነው። የሚያመው ከጎኑ ያለው ሥጋ ነው። የእግር ጥፍር በወር 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ያድጋል፣ የእጅ ጥፍር ከዚያ በእጥፍ ይፈጥናል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ከሥሩ ተነስቶ ጫፍ እስኪደርስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ጥጉን ስቆርጠው ጥፍሩ ከኋላ እየተገፋ ወደ ፊት መምጣቱን አላቆመም። እኔ ያደረግሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመቁረጫው አፍ ያልደረሰበት፣ ከሥጋው በታች የማይታይ እንደ እሾህ የሾለ ቅሪት ትቼአለሁ። ሁለተኛ፣ ጥጉ ሲነሳ ሥጋው ከላይ የሚጫነው ነገር ስላጣ ተነስቶ መንገዱን ዘጋው። ያ ሹል ቅሪት ወደ ፊት ሲመጣ ክፍት መንገድ አይደለም የሚያገኘው፣ ሥጋ ነው። ሰውነት ደግሞ ያንን እንደ ባዕድ ነገር፣ ልክ እሾህ እንደተሰካበት ቆጥሮ ይቆጣል።

መጀመሪያ መቅላት፣ ማበጥና ሲነኩት ማመም ነው። ቀጥሎ ያመረቅዛል፣ መግል ይይዛል፣ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከጥፍሩ ጎን ቀይ፣ እርጥብ፣ ገና ሲነኩት የሚደማ ሥጋ ይበቅልና ጥፍሩ ላይ ይወጣል። እኔ በዚያች ሌሊት ሦስተኛው ደረጃ አፋፍ ላይ ነበርኩ።

በመሐል የሠራኋቸውን ሌሎች ስሕተቶችም ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚያደርጋቸው። በየቀኑ አልኮል አፈሰስኩበት። ሲያቃጥለኝ ጀርሙ እየሞተ መሰለኝ። አልኮልም ሆነ ኦክስጅን ውሃ (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ) ክፍት ቁስል ላይ በየቀኑ ሲፈስ ለመጠገግ የሚታገለውን አዲሱን ሥጋ ያቃጥለዋል። ሳሙናና ንጹሕ ውሃ ይሻል ነበር። ጣቴን በፕላስተር ጥብቅ አድርጌ ጠቅልዬ ከጠዋት እስከ ማታ በጠባብ ጫማ ውስጥ ዋልኩ፤ ስፈታው ቆዳው ነጭ ሆኖ ርሷል። መቁረጫውን አንድም ቀን ሳላጥበው በክፍት ቁስል ውስጥ አስገብቼአለሁ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ከሌላ ሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ አግኝቼ ሦስት ፍሬ መዋጤ ነው። መግሉ ቀነስ አለና ተመልሶ መጣ። እሾህ እግር ውስጥ ተሰክቶ መድኃኒት ብቻ ቢውጡ ምን ይረባል? መነሻው እዚያው ነው ያለው። አጀማምሮ የተተወ አንቲባዮቲክ ደግሞ ጀርሙን መድኃኒት ማላመድ ነው።

ሐኪም ጋ የሄድኩት በማግስቱ ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው። እግሬን ከፍ አድርጎ ወደ መብራቱ አዞረና ትንሽ ዝም ብሎ አየው።

"እህቴ፣ ይህን ጥግ ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ ዶክተር።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት።"

አልተቆጣኝም። ጥፍሩን በጣቱ እያመለከተ "ችግሩን የሠራው ጥፍሩ አይደለም፣ መቁረጡ ነው" አለኝ። ከዚያ ማደንዘዣውን አዘጋጀ። ለምትፈሩት ልንገራችሁ፣ እኔም ሦስት ወር የቆየሁት አንድም በዚያ መርፌ ፍርሃት ነው። የሚወጋው በጣቱ ሥር ከግራና ከቀኝ ነው። ያማል፣ መድኃኒቱ ሲገባም ያቃጥላል፣ ግን ጊዜው አጭር ነው። ጥቂት ደቂቃ ስንጠብቅ ጣቴ የሰው ጣት መሰለኝ። ሲነካው አያለሁ እንጂ አይሰማኝም። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ሕመም የሌለበት ደቂቃ ነበር።

ሐኪሙ የጥፍሩን ዳር ቀስ ብሎ አነሳው፣ ቀጭን አድርጎ ከፊት ወደ ኋላ በቁመቱ ሰነጠቀውና ሳበው። ነጭ ጎዝ ላይ አድርጎ አሳየኝ። የመጣው ቀጭን የጥፍር ስንጣሪ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ወደ ጎን የወጣ፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ የጠመመ ሹል ነገር አለው። ትንሽ ናት፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። በጣቴ ነካሁት። ይወጋል። "ይህችን አንቺ ነሽ የሞረድሻት" አለኝ። እውነቱን ነው። በእያንዳንዱ ቁረጣ አሹዬዋለሁ።

ከዚያ ስለ ቀጣዩ አስረዳኝ። ችግሩ ተመላልሶ ከመጣ በዚያ ጎን ያለው የጥፍር ሥር ፌኖል በሚባል ኬሚካል ይነካና ያቺ ቀጭን ዳር ዳግመኛ እንዳትበቅል ይደረጋል። የቀረው ጥፍር ጠበብ ብሎ እንደ ጤነኛ ያድጋል። አዲስ ነገር አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ከተጻፈ ወዲህ ሲሠራበት የኖረ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የጥናቶች ግምገማም ቀዶ ሕክምና ችግሩ ተመልሶ እንዳይመጣ በማድረግ ከሌሎቹ መንገዶች እንደሚሻል፣ ፌኖል ሲታከልበት ደግሞ የመመለስ ዕድሉ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ቁስሉ ግን ለሳምንታት ፈሳሽ ሊያወጣ ይችላል፣ ይህን አውቆ መግባት ነው። ብዙ ሰው "ጥፍሩን ነቅለው ይገላግሉኝ" ይላል። ሥሩ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም ብዙ ጊዜ ችግሩን ይዞ ይመጣል።

እኔን እስካሁን አልተመለሰብኝም። ያን ቀን እግሬን ከፍ አድርጌ ዋልኩ። ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ ውሃ ለ15 ደቂቃ እዘፈዝፈው ነበር። ለብ ያለ ማለት እጅ ሳይጨነቅ የሚቆይበት ማለት ነው፣ ትኩስ አይደለም። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ጭምር። ስስ ቫዝሊን ቀብቶ፣ ጎዝ አድርጎ፣ ላላ አድርጎ ማሰር። ጣቱ ክፍት የሆነ ጫማ። ሌላ ምንም የለውም።

አሁን ገና እየጀመራችሁ ላላችሁት። መቅላትና ትንሽ ሕመም ብቻ ከሆነ፣ መግል ከሌለ፣ ሌላ በሽታም ከሌለባችሁ ቤት ውስጥ ልትረዱት ትችላላችሁ። ለብ ባለ ውሃ በቀን ሦስት አራቴ መዘፍዘፍ ጥፍሩን ያለሰልሰዋል፣ እብጠቱንም ያበርደዋል። ከዘፈዘፋችሁ በኋላ እጃችሁን ታጥባችሁ ከንጹሕ ጥጥ ትንሽ ቦጨቅ አድርጉና በሁለት ጣት አሽታችሁ ቀጭን ክር አድርጓት። የጥፍሩን ጥግ ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጋችሁ ያቺን ክር ከጥጉ በታች አስገቧት። ጥፍሩ ከሥጋው በላይ እንዲያድግ መንገድ ትከፍትለታለች። በየቀኑ ቀይሯት። ከባድ ሕመም ካለው ግን አታስገድዱት፣ ተዉት።

ሌላው በፕላስተር መሳብ ነው። ይህን ሐኪሙ ነው ያሳየኝ፣ በጣም የምወደውም እሱን ነው፣ ምክንያቱም ጥፍሩን ጨርሶ አይነካም። ጠበብ ያለ የሚለጠጥ ፕላስተር ትቆርጣላችሁ። ደረቅ ቆዳ ላይ ነው የሚሠራው። አንዱን ጫፍ ባበጠው ሥጋ ላይ፣ ከጥፍሩ ጠርዝ ሳይርቅ ትለጥፉታላችሁ። ከዚያ ሥጋውን ከጥፍሩ እየገፋችሁ ፕላስተሩን ወደ ታች ትስቡታላችሁ፣ በጣቱ ሆድ ሥር በሰያፍ ታዞሩታላችሁ፣ በሌላው ጎን አውጥታችሁ ጫፉን ከጥፍሩ ኋላ ታሳርፉታላችሁ። በትክክል ከተሳበ በጥፍሩና በሥጋው መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ታያላችሁ። ሳየው ደስ አለኝ። ሦስት ወር በብረት የታገልኩለትን ክፍተት ቁራጭ ፕላስተር ከፈተችው። ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ጠብቋልና ፍቱት።

አቆራረጡ ደግሞ እንዲህ ነው። ቀጥ አድርጎ፣ ከዳር እስከ ዳር። ነጩ ጫፍ ትንሽ መታየት አለበት፣ ሁለቱም ጥጎች ከሥጋው በላይ ሆነው ሊታዩ ይገባል። ሹል ሆኖ ካልሲ የሚይዝ ከሆነ በሞረድ ለስለስ ማድረግ እንጂ መቁረጥ አያስፈልግም። ከታጠባችሁ በኋላ ጥፍሩ ሲለሰልስ ቁረጡ፣ በአንዴ ሳይሆን ቁርጥ ቁርጥ እያደረጋችሁ። በእጅ መቅደድ፣ በተለይ ልጆች የሚያደርጉት፣ ከሁሉ የከፋ ነው። ቅዳጁ እናንተ ወደፈለጋችሁበት አይሄድም፣ ወደ ጥጉ ወርዶ እሾህ ትቶ ይቀራል። የጥፍሩን መሐል እንደ ቪ ፊደል መሸረፍ ዳሩን ወደ መሐል ይስበዋል የሚሉም አሉ። አይስበውም። ጥፍሩ የሚያድገው ከኋላ ስለሆነ ጫፉ ላይ የሠራችሁት ነገር አይገባውም። መቁረጫችሁን በሳሙና እጠቡ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ለሌላ ሰው አታውሱ። አልኮሉ ለብረቱ ነው እንጂ ለቁስሉ አይደለም።

ጫማን በተመለከተ ባዶ ወረቀት ላይ ቆማችሁ የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ ሳሉ። ከዚያ ጫማውን ሥዕሉ ላይ አስቀምጡ። ጫማው ከሥዕሉ ከጠበበ እግራችሁ በየቀኑ ታጥፎ ነው የሚገባው። እኔ የዚያን ሹል ጫማ ሳስቀምጥ የአውራ ጣቴ ሥዕል ግማሹ ውጭ ቀረ። ያንን ካየሁ በኋላ መልሼ አላደረግሁትም። አዲስ ሲገዛ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል፣ እግር ሲውል ያብጣልና። ጠባብ ካልሲም እንደ ጠባብ ጫማ ነው። እግራችሁ የሚያልብ ከሆነ ካልሲ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ላብ ያራሰው ቆዳ በቀላሉ ይበሳል።

ወደ እማዬ ልመለስ። ጣቴን በፋሻ ተጠቅልዬ ከሐኪም ስመለስ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያየሁትን ሁሉ፣ ያችን መንጠቆ የመሰለች ስንጣሪ ሳይቀር ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና "የኔም እኮ እንዲህ ቀልቷል" አለች። ካልሲዋን አወለቀች። የግራ አውራ ጣቷ ጎን ቀልቷል፣ ያበጠም ይመስላል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?"

"እንጃ፣ ግን አያመኝም፣ አትጨነቂ።"

አያመኝም ስትል ነው የደነገጥኩት። እማዬ ስኳር አለባት፣ ብዙ ዓመት ሆኗታል። የእኔ ጣት በአንሶላ ንክኪ ያስነሳኝ ነበር። የእሷ ቀልቶ አብጦ ዝም ብሏል። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመም አይሰማም፣ ደም ወደ እግር በደንብ ካልደረሰ ቁስል አይድንም፣ የስኳሩ መብዛት ደግሞ ሰውነት ጀርምን የሚዋጋበትን አቅም ያደክማል። ከጥፍሩ ሥር አጥንቱ ቅርብ ነው፣ ያመረቀዘው ነገር ወደዚያ ሊወርድ ይችላል። እግር እስከማጣት የሚያደርስ ቁስል ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሊነሳ ይችላል።

በማግስቱ ወሰድኳት። ሐኪሙ ቀጭን የናይለን ክር አወጣ፣ 10 ግራም ያህል ጫና ሲያርፍበት የሚታጠፍ ነው። "እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ሲነካዎት 'አዎ' ይበሉኝ" አላት። ከውስጥ እግሯ ላይ ነካ አደረጋት። "አዎ" አለች። ሌላ ቦታ ነካት። ዝም። ክሩ ሲታጠፍ አያለሁ። ሌላ ቦታ። አሁንም ዝም። ዓይኗን ጨፍና ፊቷ ላይ የልጅ ጉጉት ይዛ መነካትን ትጠብቃለች።

"እማዬ፣ አሁን አይሰማሽም?" አልኳት ሳልቆጣጠር።

"ምኑ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ እንባዬን የዋጥኩት በግድ ነው። ሐኪሙ ጣቷን አከማት፣ ገና ስላላመረቀዘ ቀላል ነበር፣ በየስንት ጊዜው እንደምንመለስም ነገረን። ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ፣ የእግር የደም ዝውውራችሁ የደከመ፣ በሽታ የመከላከል አቅማችሁን የሚያወርድ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከላይ የጻፍኩት የጥጥና የፕላስተር ነገር ለእናንተ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ጤነኛ የሆናችሁትም ብትሆኑ መግል ከመጣ፣ ቅላቱ ከጣቱ አልፎ ወደ እግር ከተስፋፋ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ብሽሽታችሁ ላይ ንፍፊት ከወጣ አታሳድሩት።

አሁን ማታ ማታ የእማዬን እግር አያለሁ። በጣቶቿ መካከል፣ ተረከዟን፣ ውስጥ እግሯን። ባለፈው እሑድ ጥፍሯን ልቆርጥላት መብራቱን አቀረብኩ፣ እግሯን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር ቆረጥኩና ሞረዱን ፈለግሁ። ቀና ብላ መነጽሯን አስተካክላ ጣቷን አየችው።

"ጥጉን አልነካሽውም አይደል?" አለችኝ።

"አልነካሁትም እማዬ።"

"በይ በርቺ፣ ሌላው ይቀጥል" ብላ ግራ እግሯን አቀበለችኝ።